ሌላ ሰው ጀምሮ የተወው የአውሮፕላን ራደር፦ ሪቬቱን ልንቀል ወይስ ልቀጥል?

ጅምር_ክንፍ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው ታገሱኝ። ያላለቀ ኪት (ራስህ የምትገጣጥመው) ገዛሁ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ሙሉ አሉሚኒየም አውሮፕላን ነው፣ የጀመረው ሰውዬ ጊዜ አጥቶ ነው የሸጠው። ጅራቱ ላይ ብዙ ሰርቷል ራደሩ (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራቱ መሪ ክፍል) ግን መሀል ላይ ቆሟል። ስቲፍነሮቹ (ማጠንከሪያዎቹ) ሁለቱም ስኪን (የውጪው ላሜራ) ላይ በሪቬት፣ ማለት ላሜራ በሚያያይዘው ምስማር፣ ተመተው አልቀዋል፣ ግራው ስኪን ከስፓሩና (ዋናው ምሰሶ) ከሪቦቹ (ቅርጽ የሚሰጡት አግዳሚዎች) ጋር ተመቷል፣ ቀኙ ገና በክሌኮ (ጊዜያዊ መያዣ) ተይዞ ነው ያለው፣ ትሬሊንግ ኤጁ (የኋላ ጠርዙ) ደሞ ጭራሽ አልተነካም ዊጁም (ጠርዙ ውስጥ የሚገባው ሽብልቅ) እንደታሸገ ነው (አርቪ 7 የሚባለው ኪት አውሮፕላን ራደር ላይ እንዳለው ዊጅ የሚገባበት ነው፣ ስኪኑ ታጥፎ የሚያልቀው ዓይነት አይደለም)።

በባትሪ እያበራሁ ሳየው አብዛኛው ሪቬት ደህና ይመስላል ግን አንዳንዱ ሾፕ ሄድ (ሲመታ የሚደፈጠጠው ጫፍ) ወደ ጎን ጋደል ብሏል፣ ጥቂቱ ከመጠን በላይ ተደፍጥጧል፣ ከውጪ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ገኑ (ሪቬት መምቻው የአየር መዶሻ) አምልጦት ስኪኑ ላይ የጥፍር ምልክት የመሰለ ጠባሳ ትቷል። እነዚህን ነቅዬ ልድገማቸው ወይስ እንዳሉ ትቼ ልቀጥል? ተራ ቦታ ቢሆን እሺ፣ ራደር ስለሆነ ነው የፈራሁት። ሁለተኛው ጥያቄ ትሬሊንግ ኤጁን ቀጥ አድርጎ ለመምታት ምን ትመክሩኛላችሁ፣ ቪዲዮ ላይ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው።

ፑንታ40

እኔ ብሆን ሁሉንም ነቅዬ ከሀ ነው የምጀምረው። ማን እንደመታው፣ ምን ስሜት ላይ ሆኖ እንደመታው በማላውቀው ሪቬት ሰማይ ላይ አልወጣም። ራደር ነው ወንድሜ፣ የጓንት ሳጥን ክዳን አይደለም።

የማታ_ሜካኒክ

@ፑንታ40 ኧረ ረጋ በል፣ ልጁ ገና ምንም ሳይለካ ንቀል ትለዋለህ እንዴ።

@ጅምር_ክንፍ መጀመሪያ ለካ። ስኪኑ ላይ ያለው 3/32 ኢንች ሪቬት ነው አይደል፣ እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው፣ የተመታው ጭንቅላት ስፋቱ የሪቬቱን ዲያሜትር 1.5 እጥፍ፣ ቁመቱ ግማሹን ያህል። በ3/32 ሲሰላ ስፋቱ 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመቱ 1.2 ገደማ ይመጣል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ጌጅ አለ እሱን ግዛ፣ ከሌለህ በካሊፐርም ይሆናል። በዓይን ብቻ ከሆነ ሁሉም መጥፎ ሆኖ ነው የሚታይህ፣ በተለይ ማታ በባትሪ።

ጋደል ያለው ነገር ደሞ አጋደሉ አይደለም ዋናው፣ ሾፕ ሄዱ ቀዳዳውን ዙሪያውን ሸፍኖታል ወይስ በአንድ በኩል ሸሽቶ የቀዳዳው ጠርዝ ይታያል? ከሸፈነውና ልኩን ከያዘ ተወው። የቀዳዳው ጠርዝ ከታየህ ወይ ሪቬቱ ተጣጥፎ ከተኛ እሱ ይነቀል።

ፑንታ40

"ተወው" የሚለው ቃል ነው እኮ ሰው የሚጨርሰው። አንድ ተወው ሁለት ተወው እያልክ ስትሄድ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለህ አታውቅም። ሪቬት እኮ ርካሽ ነው፣ ጊዜ ነው የሚያስከፍልህ።

ጋሼ_ላሜራ

ልጆች ሁለታችሁም የምትሉት ውስጥ እውነት አለ፣ ግን ፑንታ፣ ሪቬቱ ርካሽ ቢሆንም ቀዳዳው ርካሽ አይደለም። ጉዳዩ እዛ ላይ ነው ያለው።

ይሄ ስኪን ስስ ነው። 2024 ቲ3 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ይሆናል፣ ላዩ ላይ ንፁህ አሉሚኒየም የተለበጠበት። ዲምፕል የተደረገ (የሪቬቱ ጭንቅላት እንዲሰምጥ ዙሪያው የተጎደጎደ) ቀዳዳ ውስጥ ፑንታ ስታስገባ ትንሽ ከመሀል ከሳትክ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ሞላላ ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ሪቬት ስትመታ ደሞ እግሩ ወደ ሰፋው በኩል ያብጥና ከበፊቱ የባሰ ጋደል ይላል፣ እሱንም ትነቅላለህ፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ እንዲህ እያልክ አንድ የማያምር ግን ጠንካራ የነበረ ሪቬት ቦታ ላይ የተበላሸ ስኪን ታቅፈህ ትቀራለህ። ብዙ ጀማሪ የሚያበላሸው በመምታት ሳይሆን በመንቀል ነው። ስለዚህ መነቀል ያለበትን ብቻ ነው የሚነቀለው።

ከመለካትህ በፊት ግን ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄ ሌላ ሰው የሰራው ስለሆነ ሪቬቱ ራሱ ትክክለኛው መሆኑን እይ። የፋብሪካ ጭንቅላቱ መሀል ላይ ትንሽዬ ጉድጓድ ካለች ኤዲ ነው፣ ማለት 2117 ቲ4 ከሚባለው ቅይጥ የተሰራው፣ እዚህ የሚፈለገው እሱ ነው። ጭንቅላቱ ልሙጥ ከሆነና ምንም ምልክት ከሌለው 1100 ነው፣ ለስላሳ አሉሚኒየም፣ ሲመታ ቆንጆ ሆኖ ነው የሚወጣው ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን ጉልበት የለውም። ከፍ ያለች ነጥብ ካለችው 2017 ነው፣ ሁለት ከፍ ያሉ ሰረዞች ካሉት 2024 ነው። ሁሉንም በማጉያ መነፅር እይ፣ አንድ ረድፍ ብቻ አይተህ አትተው ምክንያቱም ሰው ካንዱ ከረጢት ወዳንዱ ይቀላቅላል። ቀለም ወይ ፕራይመር ከሸፈነው በአሴቶን በነከርከው ጨርቅ ጠረግ አድርገው። ልሙጡን ካገኘህ ያኔ ከፑንታ ጋር ነኝ፣ ልኩም ቢሆን ይነቀል።

ሌላው ከጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ከቀዳዳው መሀል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱ ዲያሜትር ሁለት እጥፍ መኖር አለበት። ሪቦቹ ጫፍ ላይና ስፓሩ ጫፍ ላይ ይሄን ተመልከት፣ እዛ ነው ሰው የሚስተው። አንዱ ቀዳዳ ሌላው ላይ ተደርቦ ስምንት ቁጥር የሰራ ካለ ደሞ ሪቬት የሚፈታው ችግር አይደለም፣ ያ ክፍል ነው የሚቀየረው።

ጅምር_ክንፍ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄ ምልክት የሚባለውን ጭራሽ አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት ሁሉም ላይ ጉድጓዷ አለች። ጌጁን አዝዣለሁ። ለሚነቀሉት ግን ትክክለኛውን አነቃቀል ቢነግሩኝ?

ጋሼ_ላሜራ

ጉድጓዷ መለያ ብቻ አይደለችም ፑንታህንም ትመራልሃለች። ቁጥር 40 ወይ ቁጥር 41 ፑንታ፣ ስለታም አዲስ። ድሪሉን ከማስነሳትህ በፊት ጫፉን ጉድጓዷ ላይ አስቀምጠህ በእጅህ ትንሽ አዙረው፣ መሀል መቀመጡን ካየህ በኋላ ቀስ ብለህ ቆፍር። የምትቆፍረው የጭንቅላቱን ጥልቀት ብቻ ነው፣ እስከ ታች አትውረድ። ከዛ ቀዳዳው ልክ የሚገባ ቀጭን ፓንች ትሰካለህና ወደ ጎን ታጎነብሰዋለህ፣ ጭንቅላቱ ቅጭል ብሎ ይነሳል። ካልተነሳ ትንሽ ጨምረህ ቆፍር እንጂ በጉልበት አትታገለው፣ ስኪኑ ነው የሚጎብጠው።

እግሩን ለማውጣት ከኋላ በኩል ቀዳዳ ያለው እንጨት ደግፈህ በፓንች አንድ ጊዜ ቸብ። ድጋፍ ሳታደርግ ከመታህ ሪቡ ከስኪኑ ይላቀቅና በመሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ ያንን መልሰህ ማጋጠም አበሳ ነው። ከኋላ እጅ የሚገባ ከሆነ ደሞ ሾፕ ሄዱን በጎን መቁረጫ ፒንሳ ቆንጥጦ መሳብም ይቻላል።

ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋብህ ኤንኤኤስ 1097 የሚባለውን ፈልግ፣ ሠሪዎች ኡፕስ ሪቬት ይሉታል። እግሩ 1/8 ኢንች ጭንቅላቱ ግን ትንሽ ነው፣ ለ3/32 የተደረገው ዲምፕል ውስጥ ይገባል። አንድ ሁለት ቦታ ምንም አይደለም፣ ረድፉን ሙሉ በሱ አትሙላው።

ቤቢ_ኮምፕሬሰር

እኔ ስለ ትሬሊንግ ኤጁ ልምጣ ምክንያቱም ይሄን ራደር ራደር የሚያደርገው እሱ ነው፣ የሪቬቱ ጋደል ማለት ማንም አያየውም ትሬሊንግ ኤጁ ከተጣመመ ግን አውሮፕላኑ ራሱ ይነግርሃል፣ ሙሉ በረራ አንድ እግርህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ነው የምትሄደው።

የአርቪ መመሪያ ጠርዙ ከቀጥታ መስመር ከ0.1 ኢንች በላይ እንዳይወጣ ይላል፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ ብዙ ይመስላል ግን ዝም ብለህ ከመታኸው በቀላሉ ታልፈዋለህ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ሪቬት ሲመታ ላሜራውን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፣ ከአንድ ጫፍ ጀምረህ በተርታ ከሄድክ መለጠጡ እየተጠራቀመ ወደ ፊት ይገፋና መጨረሻው ላይ ሞገድ ወይ ቀስት ሆኖ ይወጣል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዊጁና ስኪኑ የሚነካካበት ቦታ በስኮችብራይት መፈግፈጊያ ይፋቃል በአሴቶን ይፀዳል። ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም አንግል ትሬሊንግ ኤጁ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር እኩል እየለካህ ትበሳዋለህ (አንግሉን ራሱን ክር ወጥረህ አረጋግጥ፣ ከፋብሪካ ጠማማ ሆኖ የሚመጣ አለ)። ከዛ ዊጁን ሁለቱም ፊቱ ላይ ስስ ፕሮሲል (የሚያጣብቅ ማሸጊያ) ቀብተህ በሁለቱ ስኪን መሀል ታስገባለህ፣ ከአንግሉ ጋር አጣብቀህ ሁሉም ቀዳዳ ላይ ክሌኮ፣ አንድ ሳይቀር፣ እና ተወው። እስኪጠነክር ቀናት ይፈልጋል፣ ሙቀት ያለበት ክፍል ይፈጥናል። ፕሮሲሉ ከደረቀ በኋላ አንግሉን ስታነሳው ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ሪቬቱ ያንን ማቆየት ብቻ ነው የሚቀረው።

አመታቱ ላይ ጠረጴዛው ላይ ረጅም የባክ ሪቬት ፕሌት (የፋብሪካ ጭንቅላቱ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት) አስቀምጥ፣ ሪቬቶቹን አስገብተህ ጭንቅላታቸውን በሪቬት ቴፕ ለጥፋቸው፣ ገልብጠህ ፕሌቱ ላይ አስተኛ፣ ስኪኑ ላይ ክብደት ጫንበት እንዳይነሳ። መጀመሪያ በየአስሩ አንድ፣ ከዛ በመሀላቸው፣ ከዛ ደሞ በመሀላቸው እያልክ ሙላው። ለመጀመሪያው ዙር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የምትመታው። ገኑን መጀመሪያ ከራደሩ መሀል መስመር ጋር 90 ዲግሪ አድርገህ ያዝና እግሩ መተኛት ሲጀምር ከስኪኑ ፊት ጋር 90 ዲግሪ እንዲሆን አዙረው፣ ዊጅ ስለሆነ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በየዙሩ ቀና ብለህ በጠርዙ አሻግረህ እይ። ሞገድ መምጣት ከጀመረ ቆመህ ሌላ ቦታ ሂድ። ሁሉም ግማሽ ከደረሰ በኋላ በሰፊው ጠፍጣፋ ሪቬት ሴት (ገኑ ጫፍ ላይ የሚሰካው መምቻ) ጨርሰው።

እና አትደንግጥ፣ የተመታው በኩል እንደ ፋብሪካው ጭንቅላት ልሙጥ ሆኖ አይወጣም። ትንሽ ወጣ ትንሽ ገባ ይላል፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ለማለስለስ ብለህ ደጋግመህ ከመታኸው ጠርዙን ታሳጥፈዋለህ። የትኛው ፊት ከሰው ዓይን እንደሚርቅ አስቀድመህ ምረጥና ፋብሪካው ጭንቅላት በሚታየው በኩል ይሁን።

ፑንታ40

በዚህ እስማማለሁ ከፕሮሲሉ በቀር። ይሸታል ይጣበቃል፣ አንዴ ልብስህ ላይ ካረፈ ልብሱን ቅበረው። ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ያው ሥራ ይሰራል፣ መጠበቅም የለም፣ ለጥፈህ ወዲያው መምታት ነው።

ቤቢ_ኮምፕሬሰር

ቴፕ የተጠቀሙ ቀጥ ያለ ያወጡ አይቻለሁ አልክድም። ግን ቴፑ አንዴ ከያዘ ማስተካከያ አይሰጥህም፣ ፕሮሲል ክሌኮው እስኪገባ ድረስ ይንሸራተትልሃል። ጀማሪ ለሆነ ሰው ያ ነው የሚሻለው። ጓንት ሁለት ሁለት እየደረብክ አድርግ፣ ላዩ ሲጨማለቅ አውልቀህ ትቀጥላለህ።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ የጀማሪ ጥያቄ ነው፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን በፖፕ ሪቬት (ፑል ወይ ብላይንድ የሚሉት፣ ከአንድ በኩል ብቻ ተስቦ የሚያዘው) አይቻልም? ዜኒት የሚባሉት አውሮፕላኖችም አርቪ 12ም በፑል ሪቬት ነው የሚሰሩት ሲባል ሰምቻለሁ። ደሞ ትሬሊንግ ኤጁ ትንሽ ቢሞገድስ እንደ መኪና ስቱኮ ቀብቶ ሞርዶ ማስተካከል አይቻልም? ቀለም ከተቀባ ማን ያየዋል

የማታ_ሜካኒክ

ፖፕ ሪቬቱ፣ እውነትህን ነው፣ ክሪስ ሃይንትዝ የነደፋቸው ዜኒቶች በሱ ነው የሚቆሙት አርቪ 12ም አብዛኛው እሱ ነው፣ በደንብም ይበራሉ። ግን መጀመሪያ ለሱ ተብለው ነው የተሰሉት፣ የሪቬቱ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ርቀቱ፣ የላሜራው ውፍረት። ላንዱ የተሰላውን ወስደህ ሌላው ላይ መትከል ዲዛይን መቀየር ነው። እዚሁ ራደር ላይም ቢሆን እጅ የማይገባበት ቦታ ዲዛይነሩ ራሱ ብላይንድ ሪቬት ያዘዘበት ይኖራል፣ እዛ በደስታ ሳበው፣ ሌላ ቦታ ግን ፕላኑ ያለውን።

ስቱኮውን ግን እርሳው!! ቁም ነገሩ መታየት አይደለም። መሪ ክፍል ሁሉ ማጠፊያው ላይ ሚዛን አለው፣ ራደሩ ላይኛው ቀንድ (ከማጠፊያው ፊት የሚወጣው ጫፍ) ውስጥ እርሳስ የሚገባው ለምን ይመስልሃል፣ ከማጠፊያው ኋላ ያለውን ክብደት ለማካካስ ነው። አሁን አስላው፣ ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ኋላ 100 ግራም ስቱኮ ብትለጥፍ እሱን ለማስተካከል 10 ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ 400 ግራም እርሳስ ያስፈልግሃል። ካላስተካከልከው ደሞ ፍላተር የሚባለው ነገር አለ፣ ፍጥነት ሲጨምር ክፍሉ በራሱ መርገብገብ ይጀምራል፣ ንፋሱ ራሱ እየመገበው ይጨምራል፣ አንዳንዴ አብራሪው ምን እንደሆነ ሳይገባው ክፍሉ ተገንጥሎ ይሄዳል። በመኪና በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለዚህ ነው ቀለም ከተቀባ በኋላም ሚዛኑ እንደገና የሚታየው፣ ቀለምም ክብደት ነው፣ ደሞ አብዛኛው ኋላ ላይ ነው የሚያርፈው።

ለዚህ ነው ፑንታ ጋርም የምጨቃጨቀው እንጂ እልህ አይደለም። ፍላተርን የሚከላከለው ክፍሉ እንዳይጠማዘዝ መጠንከሩ፣ ሚዛኑ፣ ማጠፊያው ላይ ጨዋታ አለመኖሩ ነው። አንድ ጋደል ያለ ሾፕ ሄድ ከነዚህ አንዱንም አይነካም። ሰው ሪቬቱ ላይ ሌሊቱን ሲያፈጥ ያድርና ሮድ ኤንዱ (የማጠፊያው መገጣጠሚያ) ላይ ያለውን ዳዶ ሳያጠብቅ ይሄዳል።

ፑንታ40

እሺ ገባኝ፣ ሁሉንም ንቀል ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን ያ የጥፍር ጠባሳ ያለው ቦታ ላይ አልደራደርም፣ ስኪን ላይ ያለ ስለታም ጠባሳ ስንጥቅ የሚጀምርበት ነው።

የማታ_ሜካኒክ

እሱ ላይ ከጎንህ ነኝ። ጥፍርህን አሻግረህበት ጎትት፣ ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ በማጉያ ስንጥቅ መኖሩን እይ፣ ከሌለ በ400 ከዛም በ600 የብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ለስላሳ አድርገህ አዋህደው፣ ላዩ ላይ የተለበጠው ንፁህ አሉሚኒየም ስለተፋቀ ቦታው ፕራይመር ያስፈልገዋል። ስንጥቅ ካለ ስኪኑ ይቀየራል፣ ወሬ የለውም።

ቤቢ_ኮምፕሬሰር

ሌላም አለ፣ ስኪኑ ላይ ሰማያዊው ፕላስቲክ አሁንም አለ? በለጠፍከው ፎቶ ላይ ያየሁ መሰለኝ። ካለ ዛሬውኑ ላጠው። ብዙ ጊዜ ከቆየ ከስሩ እርጥበት ይዞ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ደሞ እየደረቀ ሲሄድ አልላጥም ይላል። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ስታደርገው በደንብ ይነሳል። ስትልጠው ነጭ ዱቄት ወይ ክር የመሰለ መስመር ካየህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው።

ደሞ ከሻጩ የሥራ መዝገቡን፣ ፎቶዎቹንና ፕላኑን በሙሉ ተቀበል። በአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) 51 ፐርሰንት በሚባለው ሕግ፣ ማለት ከግማሽ በላዩን አማተር መስራት አለበት በሚለው፣ እሱ የሰራውም እንደ አማተር ሥራ ይቆጠራል፣ ግን በገንዘብ የተቀጠረ ሰው አለመስራቱን ማሳየት መቻል አለብህ። ፕላኑ ደሞ የቆየ እትም ከሆነ የኪቱ አምራች ከዛ በኋላ ያወጣቸው ሰርቪስ ቡለቲኖች (የማስተካከያ ማስታወቂያዎች) ይኖራሉ፣ ራደሩን ከመዝጋትህ በፊት እያንዳንዱን አንብብ።

ጅምር_ክንፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጌጁ መጣ ለካሁ። ጋደል ካሉት ውስጥ አብዛኞቹ ቀዳዳውን ሸፍነው ልኩ ውስጥ ናቸው፣ ተውኳቸው። የሚነቀሉት አንድ የታችኛው ሪብ ላይ ያሉ የተደፈጠጡ ናቸው፣ ቁመታቸው ከሚፈለገው ግማሽ አይሞላም። ቁርጥራጭ ላይ ተለማምጄ ጋሼ እንዳሉኝ አድርጌ ነው የነቀልኳቸው፣ ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው። ጠባሳው ስንጥቅ የለውም። ፕላስቲኩ ተላጠ፣ ከስሩ ንፁህ ነው።

ሪቬቶቹ ለምን እንደተደፈጠጡም የገባኝ መሰለኝ፣ አብሮ የመጣው ገን ትልቅ ነው፣ የአየር ግፊቱም ለ1/8 እንደተስተካከለ ነው የቀረው። ስንት ላይ ላድርገው? እና ሊዲንግ ኤጁ (የፊት ጠርዙ) መቼ ነው የሚጠቀለለው፣ አሁን ወይስ በኋላ?

ጋሼ_ላሜራ

ጎበዝ። ለ3/32 2ኤክስ ወይ 3ኤክስ በሚባለው መጠን ገን ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ጀምር፣ ቁርጥራጭ ላይ ሞክረህ አንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ልኩን የሚያወጣልህን ፈልግ። በጣም ዝቅ አድርገህም ረጅም ጊዜ አትቀጥቅጠው፣ ሪቬቱ እየተመታ ይጠነክርና መተኛት እምቢ ይልሃል፣ ያኔ ነው ጋደል የሚለው። ግፊቱን ስትለካ ገኑ እየሰራ እያለ ይሁን፣ ቆሞ የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል።

ሊዲንግ ኤጁ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የቀኙን ስኪን ከስፓሩና ከሪቦቹ ጋር ትመታለህ፣ ትሬሊንግ ኤጁን ትጨርሳለህ፣ ከዛ ነው የፊቱን ስኪን ጠርዙ ላይ ቧንቧ በጠንካራ ቴፕ ለጥፈህ ወደ ውስጥ እያዞርክ የምትጠቀልለው። ለሱ ሁለት ሰው ይሻላል፣ አንዱ ስኪኑ ከስፓሩ ጋር ከተመታበት ፊት ለፊት ያለውን በእጁ ይጫን፣ አለዚያ ረድፉ ጋ ስለታም እጥፋት ይመጣል። ሁለቱ ጠርዞች ሳትታገላቸው ተደራርበው እስኪቀመጡ ድረስ ጠቅልል፣ በክሌኮ እየሳብክ አታስገድድ። እዛ ላይ ብላይንድ ሪቬት ነው የሚገባው፣ ሁለቱን ቁራጭ እያጋጠምክ ከሰፊው በኩል ጀምር።